የራሱን መርዶ የሰማ ሰው

ሬክስዴል በሚባል የስደተኞች ሰፈር ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ ያረጀ ሕንፃ፣ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ሦስት ነፍስ ይኖር ነበር። አባት ሙሉነህ፣ እናት ተሻለች፣ አንዲት ልጃቸው ሐሴት። ሀብታም አልነበሩም፤ ግን የጎደለባቸውን በሳቅ የሚሞሉ ሰዎች ነበሩ። ሙሉነህ ብረት በክሮም በሚነከርበት ፋብሪካ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል፤ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። እሑድ ሱፉን ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ሸጉጦ ወደ አማርኛው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ያየው ሁሉ፣ ይህ ሰው ሳምንቱን ሙሉ አሲድ ሲሸተው እንደሚውል አይገምትም። ተሻለች አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ሐሴት ደግሞ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የቤቱ አፍ ሆናለች። ከባንክ ደብዳቤ ቢመጣ ሐሴት፣ የሕንፃው ኃላፊ በር ቢያንኳኳ ሐሴት፣ የሐኪም ቀጠሮ ቢኖር ሐሴት። የስደተኛ ልጅ መሆን ይኸው አይደል? የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ የአዋቂን ጉዳይ ታኝካለች።

ሐሴት ሃያ ዓመት በሞላት ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት አባቷ ማሳል ጀመረ። «ብርድ ነው» አለ። ሳሉ ግን ብርድ አልነበረም። በኖቬምበር መጨረሻ ስፔሻሊስት ዘንድ ቀረቡ። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ላምጣ ቢልም ሙሉነህ «ልጄ እያለችልኝ?» ብሎ በኩራት እምቢ አለ። ሐኪሙ ፊልሙን አሳይቶ ረጋ ብሎ ተናገረ። ካንሰር ነው። ከሳንባው አልፎ ተሰራጭቷል። መድኃኒቱ ቀን ይገዛ እንደሆነ እንጂ አያድንም፤ በጋውን ማየቱ ያጠራጥራል። ተሻለች በሥራዋ ምክንያት ከእንግሊዝኛው የሚበቃትን ታውቃለችና ሁሉንም ሰምታለች። በጠረጴዛው ሥር የልጇን እግር ረገጥ አደረገች።

«ምን አለ?» አለ ሙሉነህ።

«ኢንፌክሽን አለ፣ ሳንባህ ላይ ነው የሚለው፣ አባዬ። መድኃኒቱ ጊዜ ይወስዳል አለ።»

እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በደረቁ አይነገርም። ሰው ዘመዱ ሞቶበት እንኳ ቀን ተመርጦ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ነው መርዶው የሚነገረው። የታመመን ሰው «ትሞታለህ» ማለትማ በቁሙ መቅበር ነው ብለን አድገናል። ተሻለች ላይ ደግሞ እምነቷ ተጨመረ። መኪና ማቆሚያው ጋ ስትደርስ የልጇን እጅ ይዛ፣ «ሞትን በአፋችን አንጠራም፣ ልጄ። ጌታ ይፈውሰዋል፤ አንቺ ብቻ ዝም በይ» አለቻት። ከክፋት አልነበረም፤ ከፍቅር ነበር። ወይ ፍቅር... አንዳንዴ አቅፈህ ታፍናለህ።

በዚያው ክረምት በሰፈሩ ሌላ ነገር ይብላላ ነበር። ከፋብሪካው ጀርባ የሚያልፈው ጅረት ከሦስት ዓመት በፊት ቀለሙ ተለውጦ፣ በዳርቻው የሚጫወቱ ሕፃናት ቆዳቸው ይቆስል ጀመር። ከሙሉነህ ጋር የሠሩ ሁለት ሰዎችም በሳንባ በሽታ ሞቱ። ነገሩን አንሥተው ፋብሪካውን የከሰሱት የእኛ ሰው በጅምላ «ስፓኒሾቹ» እያለ የሚጠራቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። ጠበቃዋ ማሪሶል ኬሳዳ ትባላለች። ከኤል ሳልቫዶር በዘጠኝ ዓመቷ መጥታ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባል የድሆች ሰፈር ነው ያደገችው። እናቷ የቢሮ ወለል ስትወለውል እሷ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ዛሬ በእነዚያው ቢሮዎች ያሉ ጠበቆች ስሟን ሲሰሙ ክራባታቸውን ያስተካክላሉ። ወንድሟ ራሚሮ በአንድ አሮጌ ቫን የጀመረው የጽዳት ድርጅት ሦስት መቶ ሠራተኛ ያሳድራል፤ ከመጋዘኑ በላይ ያለውን ክፍል ለእህቱ ቢሮ እንዲሆን የሰጣት እሱ ነው። ሦስተኛዋ ከኮሎምቢያ የመጣችው የውሃ ተመራማሪ ሉስ ማሪና ናት። በበረዶ መሀል፣ የጎማ ቦቲ አጥልቃ ጅረቱ ውስጥ ቆማ ውሃ በጠርሙስ ስትቀዳ የሕንፃው ሰው በመስኮት እያየ «ይቺ ሴትዮ ምን ነክቷታል?» ይል ነበር። የነካትማ የሰው ልጅ ነገር ነው። ማንም ሳያስገድዳቸው የማያውቁትን ሰው ሸክም የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አንድ ቢኖር ስንት እንባ በዓይን ውስጥ ይቀር ነበር?

ሉስ ማሪና ውሃው ውስጥ ክሮም አገኘች። ፋብሪካው ግን «ከእኛ አይደለም፣ ከጅረቱ ላይኛው በኩል ካሉት ፋብሪካዎች ነው» አለ። በማን ትእዛዝ እንደተደፋ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ በሕይወት ቀርቶ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ አለቃው በጠቆመው ቁጥር የጓሮውን ቧንቧ የሚከፍተው ሰው። ሙሉነህ ነበር። ይህንን ለልጁ አንድ ጊዜ በጸጸት አጫውቷታል። ሐሴት ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰንብታ፣ በማርች ወር ማሪሶልን ይዛት ቤት መጣች።

ሙሉነህ እንግዳዋን በክብር ተቀበላት። ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ይቅርታ ታድርግልኝ በያት። በጁን ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። እንጀራ በሰጠኝ ቤት ላይ አፌን ከፍቼ ነገ በየትኛው ፊቴ እገባለሁ? ጡረታዬ ሳይደርስ ቢያባርሩኝ እናንተን ማን ያበላል? ሲሻለኝ እናየዋለን።»

ሐሴት ቃል በቃል ተረጎመች። ማሪሶል ሰውየውን አየችው፤ ሸሚዙ ከትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ሐሴትን አየቻት። ተነሥታ በሁለት እጇ ጨብጣው ወጣች።

ሐሴት ልትሸኛት ተከትላት አሳንሰሩ ውስጥ ሲገቡ፣ «ጁን ነው ያለው?» አለች ማሪሶል በእንግሊዝኛ።

ሐሴት የአሳንሰሩን ቁልፍ ደጋግማ ተጫነች።

«አባትሽ አያውቅም ማለት ነው።» ማሪሶል የአሳንሰሩን ግድግዳ ተደገፈች። «አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ ታማ ሐኪሙ ለእኔ ነገረኝ። እኔ ‹የደም ማነስ ነው› ብዬ ተረጎምኩላት። የእሷ እናት፣ አያቴ፣ እዚያው ኤል ሳልቫዶር፣ ሳንታ አና ከተማ ነበረች፤ ልትደውልላት፣ ድምጿን ልትሰማ እየፈለገች ‹ሲሻለኝ እደውላለሁ› እያለች ቆየች። ሳትደውል ሞተች። እስከ ዛሬ እዚያ ስልክ ፊት ቆሜ ነው ያለሁት።»

«ታዲያ አንቺ ንገሪው» አለች ሐሴት እያለቀሰች። «ጠበቃ ነሽ።»

«የእኔ መብት አይደለም። ቃሉን የቀየርሽው አንቺ ነሽ፤ የምትመልሽውም አንቺ ነሽ። የእሱ ምስክርነት ከሌለ ክሱን ልንሸነፍ እንችላለን፤ አውቃለሁ። ግን ሰው እንደሚሞት ሳያውቅ የሚወስነው ውሳኔ የራሱ አይደለም። እኔ ደግሞ እያታለልኩ ቃል አልቀበልም። እጠብቃለሁ።»

እስቲ አስቡት። የሦስት ዓመት ድካሟ በዚህ ሰው አንደበት ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሌላ ጠበቃ ቢሆን ወረቀቱን አልጋው ድረስ ይዞ አይገባም ነበር? እሷ ግን ጠበቀች። ሰውን የሚያስከብረው ዲግሪው ነው የሚል ካለ ይቺን ሴት አላያትም።

ተሻለች ግን አልሰማ አለች። ሐሴት ለመነቻት፣ አለቀሰችባት፤ እናት «አፍሽን ያዢ» ከማለት አልፈቀቅ አለች። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ሙሉነህ ልጁን ጠርቶ፣ «ሐሲዬ፣ የሥራ ጫማዬ አልቋል። ለጁን አዲስ ግዢልኝ፣ ጫፉ ብረት ያለውን» አላት። ገዛችለት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሊለካው ቢል እግሩ አብጦ አልገባ አለ። ገፋው፤ አልገባም። ሙሉነህ ሳቀ። «አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ቀይሪልኝ፤ እስከ ጁን እብጠቱ ይጎድላል» አለ። ተሻለች በሩ ላይ ቆማ ይህን አየች። አራት ወር ሙሉ በጸሎት የያዘችው ዝምታ እዚያው አለቀ። ወደ ኩሽና ሄዳ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ በርናባስ ዘንድ ደወለች።

«ጋሽ በርናባስ፣ ነገ ማለዳ ይምጡልኝ። መርዶ አለ።»

«የማን ነው፣ ልጄ?»

«የሙሉነህ።»

«የሙሉነህ ዘመድ? ለማን ነው የምንነግረው?»

«ለሙሉነህ ነው፣ ጋሼ። የራሱን መርዶ ለራሱ...» ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም።

በማግስቱ ገና ሰማዩ ሳይገለጥ ጋሽ በርናባስና ሁለት ሽማግሌዎች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ሙሉነህ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ሰዓት ሽማግሌዎች ሲያይ የአገሩን ወግ አወቀው፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ማነው?» አለ። «እናቴ ናት?»

«እማማ ደህና ናቸው» አሉ ጋሽ በርናባስ። «እሳቸው ዘንድ ሆሳዕና ከተማ ትናንት ደውለናል።»

«እህቴ ናት?»

«ደህና ናት።»

«ታዲያ ማነው የሞተብኝ?»

ጋሽ በርናባስ አንገታቸውን ደፉ። ተሻለች በነጠላዋ አፏን ይዛለች። የሙሉነህ ዓይን ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረ፤ ልጁ ላይ ደረሰ፤ ከእሷም አልፎ ጥግ ላይ የተቀመጠው አዲስ ጫማ ላይ ቆመ። ረጅም ጊዜ አየው።

«እኔ ነኝ?» አለ።

ሐሴት እግሩ ሥር ተንበረከከች። «አባዬ፣ ሐኪሙ ያለው ኢንፌክሽን አልነበረም። ካንሰር ነበር ያለው። አይድንም ነው ያለው። የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ኖቬምበር።»

ሙሉነህ በጣቱ ቆጠረ። «አራት ወር ሙሉ ብቻችሁን ስታለቅሱ ነበር?» አለ። ያን ጊዜ ነው ቤቱ በለቅሶ የተሞላው። እሱ ግን ቆይቶ ቆጣ አለ። «በድላችሁኛል። አራት ወር ለጁን ስዘጋጅ አከረማችሁኝ። የምሠራው ሥራ ነበረኝ።» ከዚያ የልጁን ራስ ዳበሰ። «በይ ያቺን ስፓኒሽ ጠበቃ ጥሪልኝ። እንጀራዬን ማንም ከእንግዲህ አይወስድብኝም።»

ማሪሶል ጊዜ አላባከነችም። በሳምንቱ ሳሎኑ ውስጥ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ካሜራ ተከለ፤ የፋብሪካው ጠበቆች መጡ፤ ቃለ መሐላ የፈጸመች ጽዮን የምትባል አስተርጓሚ ተቀመጠች። ሙሉነህ ኦክስጅን በአፍንጫው፣ ሱፉን በፒጃማው ላይ ደርቦ ሦስት ቀን መሰከረ። በየሃያ ደቂቃው ማሪሶል ራሷ ታስቆማለች፤ ውሃ ታጠጣዋለች፤ ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ ትመልሳለች።

«ቧንቧውን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ። «የታዘዝኩት እኔ፣ ያዘዘኝም ስሙ ይኸው። ልጆች ውሃው ውስጥ ሲጫወቱ አይቻለሁ። አይቼም ዓርብ ሲመጣ ከፍቻለሁ።»

የፋብሪካው ጠበቃ፣ «ሊሞቱ ስለሆነ በቀጣሪዎ ላይ ተናደው አይደለም?» ሲለው ሙሉነህ መለሰ። «ልጄን ያሳደግኩበት ቤት ነው፤ አልጠላውም። እንደማልሞት ባስብ ኖሮ ዛሬም ዝም እል ነበር። የማፍረው በዚያ ነው።» ጠበቃው ወረቀቱን ሰበሰበ። ማሪሶል ወደ መስኮቱ ዞራ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ በኋላ ሙሉነህ በፍጥነት ደከመ። አንድ ቀትር ላይ የቤት ለቤት ሐኪሟ መጥታ መረመረችውና በስልክ አስተርጓሚ ልትጠራ ስትል እጁን አነሣ።

«ሐሴት ትተርጉምልኝ። ስንት ጊዜ እንደቀረኝ ጠይቂያት።»

ሐሴት ጠየቀች። ሐኪሟ መለሰች። እናቷ አጠገቧ ቆማ ነበር፤ ዛሬ እግሯን አልረገጠችም፤ እጇን ያዘቻት።

«ቀናት ነው አለች፣ አባዬ» አለች ሐሴት። «ሳምንት ላይሞላ ይችላል።»

ሙሉነህ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። «ተባረኪ። አሁን በደንብ ተረጎምሽ። በሉ እናቴ ዘንድ ደውሉልኝ።»

ከእናቱ ጋር አንድ ሰዓት አወራ። በአምስተኛው ቀን፣ በኤፕሪል መጨረሻ፣ አረፈ።

በቀብሩ ዕለት የራሚሮ ቫኖች ለቀስተኛውን ከሬክስዴል እያመላለሱ ዋሉ። የጽዳት ሠራተኞቹ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ምግባቸውን በትልልቅ ድስት ይዘው መጥተው ለቅሶ ቤቱን አስተናገዱ። ማሪሶል ከተሻለች አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ በራሷ ቋንቋ አለቀሰች፤ ማንም መተርጎም አላስፈለገውም። በተከታዩ ክረምት ፋብሪካው ጥፋቱን አመነ፤ ቧንቧው በሲሚንቶ ተደፈነ፤ ጅረቱ እንዲጸዳ ተወሰነ። ሉስ ማሪና እስከ ዛሬ በየወሩ ቦቲዋን አጥልቃ ትወርዳለች፤ አሁን ማንም አይስቅባትም፤ ሐሴትም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርሙስ ትይዝላታለች።

ዕጣ ፈንታ እንዲህ ናት። አባት አሥራ አራት ዓመት አርፍዶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ለገዛ ሞቱ ግን ቤተሰቡ አራት ወር አስረፈደው። ቢሆንም የቀረችው ጥቂት ቀን የዕድሜውን ያህል ሆነችለት፤ ያቺንም እንዲያገኛት የሌላ አገር ልጅ፣ እናቷ ሳትደውልበት የቀረችው ስልክ ፊት ዛሬም የቆመች ሴት፣ ታግሳ ጠበቀችው። ተሻለች ያንን አዲስ ጫማ ለማንም አልሰጠችም፤ በሯ ሥር ተቀምጧል። በቤተ ክርስቲያን ሰው ታሞ ዘመዶቹ በጥግ ሲንሾካሾኩ ካየች ቀስ ብላ ትጠጋቸዋለች። አትመክርም፣ አታለቅስም። «ንገሩት» ትላለች፤ «የሚደውልለት ሰው ይኖረው ይሆናል።»