በቀትር የተጠራ ውሻ

ትርንጎ ቀኗን የምትጀምረው ጣሪያ ላይ ወጥታ ነው። ከመኪናው ጀርባ በተበየደው መሰላል ዕቃ መጫኛው ፖርቶ መጋላ ላይ ትወጣና፣ ድሮ የተሳፋሪ ሻንጣና የዶሮ ቅርጫት ይታሰርበት በነበረው ቦታ የተደረደሩትን ሶላሮች በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ከታች ሁለቱ ውሾች ጅራታቸውን እየቆሉ ይጠብቋታል። ባሏ ደምሰው ደግሞ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እመቤቴ፣ ዛሬ መብራት አለ ወይስ ሄደ?» እያለ ያሾፍባታል።

ደምሰው ዕድሜውን የጨረሰው በሹፌርነት ነው። ጡረታ ሲወጣ ቅጥቅጥ አውቶቡሱን አልሸጥም ብሎ ወንበሮቹን ነቀለና አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ በርሜልና ትንሽ ማቀዝቀዣ አስገባበት። ልጅ አልወለዱም፤ የሚያስቀራቸው ነገር አልነበረም። ዘመድ «አበዱ» ሲል እነሱ መንገድ ጀመሩ፤ ደስ ባላቸው ቦታ እየቆሙ፣ ሲሰለቻቸው እየተነሡ፣ ቆጣሪ አንባቢ የማይደርስበት ኑሮ መኖር ያዙ። ከውሾቹ አሮጊቷ ግንባሯ ነጭ ስለሆነ ሻሽ ትባላለች። የጎረምሳው ስም ይግቡ ነው። ይሄ ስም የወጣለት ለነገር ነበር። ተከራይተው በኖሩበት ግቢ አከራይዋ እንግዳ በመጣባቸው ቁጥር ፊቷን ታጠቁር ስለነበር፣ ደምሰው ቡችላውን ይግቡ ብሎ ሰይሞ ጠዋት ማታ በሴትዮዋ መስኮት ሥር «ይግቡ፣ ይግቡ» እያለ ያበግናት ነበር። ግቢውን ለቀቁ፣ ስሙ ግን ቀረ።

አሁን የሚያሾፍባት የለም። ከወይጦ በታች ባለው ነጭ ሜዳ አቋርጠው ሊያልፉ ሲሉ፣ ከላይ ደረቅ የመሰለው መሬት ከሥሩ ጭቃ ሆኖ የኋላ ጎማዎቹን እስከ ወገባቸው ዋጣቸው። ደምሰው ትላንት ንጋት ላይ ጄሪካን አንጠልጥሎ ትራክተር ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ሄደ። «ነገ ቀትር ላይ እደርሳለሁ። ከውሃው አትራቂ። በቀትር ደግሞ ጮኸሽ አትጣሪ፤ ሜዳ ላይ ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም፣ የሚሰማሽን አታውቂም» አላት። የድሮ ሹፌሮች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ከሞተሩ በፊት ጋኔኑን ይፈራሉ። «እሺ፣ አባ ደምሰው» ብላ ሳቀችበት። ከዓይኗ ሲርቅ ግን፣ በሽምግልናው ያን ሁሉ አሸዋ በእግሩ መሄዱ፣ ወድቆ ቢቀር የሚያነሣው ሰው አለመኖሩ፣ እንቅልፍ ነሥቷት አደረች። ከዓለም ያላት እሱን ብቻ ነው።

ፀሐይ መሃል አናት ላይ ስትደርስ ሜዳው ዝም አለ። ጠዋት ሲያፏጭ የነበረው ነፋስ ቆመ፤ ዝንቡ እንኳ የት እንደገባ እንጃ። በዚህ ሰዓት ውሾቹ መኪናው ሥር ገብተው ሆዳቸውን መሬት ላይ ለጥፈው ነው የሚተኙት። ዛሬ ሁለቱም የሚያቃጥለው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ ምላሳቸውን አንጠልጥለው፣ የመኪናውን ጥላ አፍጥጠው ያያሉ።

«ምን ነካችሁ? ገብታችሁ ተኙ እንጂ» አለቻቸው። አልተነሡም። ጎንበስ ብላ ከሥር አየች፤ ከተቀበረው ጎማ በቀር ምንም የለም። ሽታ ግን አለ። ዝናብ ከረሳው መሬት ላይ፣ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚሸተው ዓይነት እርጥብ የአፈር ሽታ ከጥላው ውስጥ እየወጣ ፊቷን ዳሰሳት። ጭቃው ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች።

ውስጥ ገብታ ውሃ ስትቀዳ ቬንትሌተሩ እያቃሰተ መዞሩን ተወ። ይህ ሰዓት ባትሪው ሞልቶ የሚተርፍበት ነው፤ የመቆጣጠሪያው አረንጓዴ መብራት ግን ቀይ ሆኗል። አቧራ ነው ብላ ጨርቋን ይዛ ጣሪያ ላይ ወጣች። ሶላሮቹ ጠዋት እንደወለወለቻቸው ንጹሕ ናቸው። መዳፏን ብታሳርፍባቸው፣ ሌላ ቀን እንደ ምጣድ የሚለበልበው መስታወት በረዶ ሆኖ ጠበቃት። ጥላውን ያየችው እጇን ስታነሣ ነው። በቀትር የሰው ጥላ እግሩ ሥር ተሰብስቦ ይቀራል፤ የእሷም እንደዚያው ነበር። ይሄኛው እንደ ማታ ጥላ ረዝሞ፣ ራስና ትከሻ አውጥቶ፣ ከዳር እስከ ዳር ሶላሮቹ ላይ ተጋድሟል። ዙሪያዋን አየች፤ ዓይን እስከሚደርስበት የቆመ ነገር የለም። ዞራ ስትመለከት ጥላው ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ታች እየተንሸራተተ ነበር፤ ሳይቸኩል፣ መሰላል እንደሚወርድ ሰው።

ሻሽ ጮኸች። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ያቺ ጥርሷ ያለቀ አሮጊት ፀጉሯን አቁማ፣ እያጉረመረመች፣ ያን ሲፈሩት የዋሉትን ጥላ ሰንጥቃ መኪናው ሥር ገባች። ጩኸቷ መሃል ላይ ተቆረጠ። ማልቀስ የለም፣ መታገል የለም፤ በቃ ቀረ። ትርንጎ መሰላሉን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። በደረቷ ተኝታ ከመኪናው ሥር እጇን ሰደደች። የነካችው ቀዝቃዛ አሸዋ ብቻ ነው፤ የውሻዋ ዱካ እንኳ በእጅ እንደተጠረገ ልሙጥ ሆኖ ነበር። ለሻሽ ልታለቅስ ፈለገች፤ ፍርሃቷ ቀደማት።

የቀረውን አላስበላም አለች። ሮጣ መኪናው ውስጥ ገባችና በሩን በአንድ እጇ ይዛ፣ ሌላውን እያርገበገበች፣ ሜዳው እስኪያስተጋባ ተጣራች።

«ይግቡ! ይግቡ! ኧረ በእግዚአብሔር ይግቡ!»

ውሻው አልመጣም። ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ቀብሮ ወደኋላ ያፈገፍጋል፤ የሚያየውም እሷን አይደለም፣ ከፊቷ ያለውን የበሩን ደረጃ ነው። ያኔ መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ባሌስትራ ሲጢጥ አለ። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ደምሰው በዚያ ክብደቱ ሲሳፈር የሚሰማ ድምፅ ነው። ባዶው ደረጃ ወደ ታች ሰመጠ፣ መኪናው ወደ በሩ ዘመም አለ፣ ያ የጉድጓድ ሽታ ደረቷን ታክኮ ወደ ውስጥ አለፈ። ከኋላዋ አልጋው ተንቋቋ፤ አንድ ሰው ደክሞት አረፍ ሲል እንደሚንቋቋ። ቀጥሎ የመኝታው መጋረጃ በቀለበቶቹ ላይ እየተንኳለለ ተዘጋ። ትርንጎ የገዛ ቃሏ አሁን ገና በጆሮዋ ገባ። ለውሻ የተባለ ነገር አልነበረም። ለትልቅ ሰው፣ ለተከበረ እንግዳ፣ በአንቱታ፣ ደጋግማ፣ የፈጣሪን ስም ጠርታ ለምናው ነበር።

ዘልላ ወረደችና የውሻውን አንገት አቅፋ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ውሃው ያለው መኪናው ውስጥ ነው፣ ከመጋረጃው አጠገብ። ጥሟ ጉሮሮዋን ይፍቀው ጀመር፤ የሚያስጨንቃት ግን ጥሙ አይደለም። ደምሰው ይመጣል። ደክሞት፣ ጥላ ናፍቆት፣ ምንም ሳይጠረጥር ቤቴ ብሎ ዘው ይላል። እሱን ከበሩ ማስቀረት አለባት፤ ሌላውን ሁሉ ይውሰደው። «እንዳትገባ» እላለሁ፣ ሩቅ ሳለ እጮኻለሁ እያለች አሰበች።

ከመጋረጃው ጀርባ የሆነ ነገር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምን ነካችሁ» አለ። ድምፁ የእሷ ነው። ከአፍታ በኋላ፣ ቃሉን እንደ ምግብ እያጣጣመ፣ «ገብታችሁ ተኙ እንጂ» ሲል ጨመረ። ትርንጎ «ዝም በል» ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሹክሹክታ ነበር። ድምፁ ከውስጥ አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር ጉሮሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ይቀንሳል። ለውሾቹ የምታንጎራጉረውን ዜማ ሲያንጎራጉር ሰማችው፤ ስትበሳጭ የምታወጣውን ትንፋሽ ሳይቀር አወጣ። «ደምሰው» ብላ ሞከረች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ እንጂ ለራሷ ጆሮ እንኳ ምንም አልተሰማትም።

በነጩ ሜዳ ጫፍ አቧራ ተነሣ። የትራክተር ሞተር ከሩቅ ይንኮራኮራል፤ ከፊቱ ቀድሞ ጄሪካኑን ያንጠለጠለ፣ በቀኝ እግሩ ትንሽ የሚያነክስ ሰው ይመጣል። ያ አነካከስ ለትርንጎ ከምንም ነገር በላይ ያምራል። ውሻውን አስከትላ ሮጠች፤ ስትወድቅ እየተነሣች፣ ነጩን አቧራ ከእግር እስከ ፀጉሯ ለብሳ፣ ደረሰችና ደረቱ ላይ ተለጠፈች። ላብና ናፍጣ ይሸታል። በሕይወት አለ።

«ትርንጎ፣ ምን ሆነሻል? ሻሽስ?» ትከሻዋን ይዞ ከራሱ አራቀና ፊቷን አየ። ወደ መኪናው እያመለከተች ራሷን ነቀነቀች፣ በሁለት እጇ ደረቱን ወደኋላ ገፋች፣ አፏን ከፍታ ያላትን አቅም ሁሉ አውጥታ ጮኸች፤ ምንም አልወጣም። ውሻው እግሯ ሥር ተጠግቶ ይንቀጠቀጣል። «ተናገሪ እንጂ፣ ኧረ ተናገሪ» አለ ደምሰው፤ ድምፁ መሰበር ጀምሮ ነበር።

የመኪናው መስኮት ተከፈተ። ከጨለማው ውስጥ፣ እንቅልፍ እንዳቋረጠ ሰው ትንሽ ሻከር ባለ፣ ደምሰው ዕድሜውን ሙሉ በሰማው በዚያ ፍቅር የሞላበት ድምፅ፣ «ደሜ፣ መጣህልኝ? በቀትር ያቀፍካት እሷ ማናት?» የሚል ተሰማ።

የደምሰው እጆች ከትርንጎ ትከሻ ላይ ቀስ ብለው ወረዱ።