የውድነሽ ሰማያዊ በር

እንዳላማው የገዛ እህቱን፣ ውድነሽን፣ ቤቷን ቀማት። ከዚህ ልጀምርላችሁ፤ በኋላ የደረሰበትን ስትሰሙ እንዳታዝኑለት። በሉ በሩን ዝጉና ጠጋ በሉ።

ነገሩ የድሮ ነው፤ አገሩ አንዲት የገበያ ከተማ። ውድነሽ ዋናው መንገድ ዳር ጨውና ነጭ ጋዝ ትቸረችር ነበር። የጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ሰማያዊ በር። ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው በዚያች ሱቅ ነው።

አንድ ቀን ለቅሶ ልትደርስ ገጠር ወረደች። «ቤቱን ጠብቅልኝ» አለችው። ጠበቀላት? ጠበቀላታ! በማግስቱ ቤት የሚመዘግቡት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡና ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ቤቶች!» አሉ። «ቤቶች!» ሲባል ማነው የሚመልሰው? ባለቤት አይደል? እንዳላማው ብቅ አለና፣

«አቤት! ባለቤቱ እኔ ነኝ» አለ። በቃ፤ በስሙ ተመዘገበለት።

ውድነሽ ስትመለስ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በገዛ ደጇ ቆማ፣ «ቤቶች!» አለች። ዝም። «ቤቶች! እንዳላማው፣ የኔ ጌታ፣ እኔ ነኝ!» ዝም። ሰምቷል እኮ! ሲስል ሰምታዋለች። አልሰደበችው፣ አልረገመችው፤ ዞራ ሄደች። በዚያው ክረምት የልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ሞታ ተገኘች።

መንገዱስ? መንገዱማ አማረበት! አስፋልት ለበሰ። የልብስ ሰፊው በረንዳ ፈርሶ ካሴት ቤት ሆነ። አጠገቡ የነበረው ሥጋ ቤት ባንክ ሆነ። የውድነሽ ቤት ደግሞ ባለመስታወት ፎቅ፤ እንዳላማውም «ጋሼ እንዳላማው»።

አንድ ምሽት ከሰርግ ብቻውን ሲመለስ መብራት ሄደ። ይሂድ፤ መንገዱን ያውቀዋል። ያውቀዋል? ትንሽ እንደተራመደ ነጭ ጋዝ ሸተተው። ከዚያ ጫማውን የሆነ ነገር ያዘው፤ ጭቃ። አስፋልት ላይ ጭቃ! ከካሴት ቤቱ በኩል የስፌት መኪና ቀርርር ይላል። ሰፊው ከሞተ ስንት ዓመቱ! ቀና ቢል ባንኩ የለም፤ ሥጋ ቤቱ ቆሟል፣ መንጠቆው ሳይቀር። ሮጠ። ፎቁ ጋ ሲደርስ ፎቅ የለም። ሰማያዊ በር። በስንጥቁ የኩራዝ ብርሃን።

ቢገፋው ተቀርቅሯል። ቁልፉን ቢያወጣ ማስገቢያ የለውም። ከውስጥ ሰው ሲስል ተሰማ። የተዘጋ ደጅ ላይ የቆመ ሰው እንግዲህ ምን ይላል?

«ቤ... ቤቶች!»

የባንኩ ዘበኛ ያየው ግን ሌላ ነው፤ ጋሼ እንዳላማው የገዛ ፎቃቸውን መስታወት እየደበደቡ «ቤቶች! ቤቶች!» ይላሉ። ጠዋት ጫማቸው ደጃፉ ላይ፣ እንግዳ እንዳወለቀው ተደርድሮ ተገኘ። ሰውየው እስከ ዛሬ የሉም።

እና ሲመሽ በዚያ መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ። ከሄዳችሁም ተዘግቶ ባገኛችሁት በር ላይ «ቤቶች!» አትበሉ። ዘበኛው በጆሮው ሰምቷል፤ መስታወቱ እንደ አሮጌ እንጨት ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ፤ ውድነሽም ያን ዕለት እሱ የነፈጋትን መልስ መለሰች፦

«ቤት ለእንግዳ! ግባ፣ የኔ ጌታ።»