ወደ ጎሪላዎቹ የሚያደርስ ፊርማ

መጀመሪያ የተሰማው የጅራፍ ድምፅ ነበር። ጉሙ ገደሉን ከአናቱ እስከ እግሩ ጠቅልሎት ስለነበር ከላይ ይምጣ ከታች የሚለይ አልነበረም። ጧ አለ፤ ከዓለት ዓለት እየተላተመ ቁልቁል ወረደና ጠፋ። ከፊት የሚሄዱት ጋሽ ይግዛው እጃቸውን አነሡ። ከኋላቸው የሚከተሉት የኔሰውና ደምለው ባሉበት ቀጥ አሉ።

«ገብስ ጠባቂ ነው» አሉ ጋሽ ይግዛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጅራፍ ካለ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ። ከጅረቱ ማዶ ናቸው።»

የኔሰው ምራቁን ሊውጥ ሞከረ፤ የሚዋጥ ምራቅ ግን አልነበረውም።

ሁለቱ ወጣቶች የቢቸና ልጆች ናቸው። አሥረኛ ክፍል ሳሉ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ የወደቀ መጽሔት ውስጥ የአንድ ተራራ ጎሪላ ፎቶ አይተው ነበር፤ እንስሳው እርጥብ ቅጠል መሀል ተቀምጦ እንደ ሰው ይተክዛል። ከዚያን ቀን ወዲህ ኡጋንዳ ዘልቀው፣ ያን ደን ገብተው፣ በገዛ ዓይናቸው ሊያዩት ተማማሉ። ስምንት ዓመት አቀዱ። የኔሰው ካርታ ሣለ፤ ደምለው የትኛው አውቶቡስ የት እንደሚያድር፣ ከሞያሌ ወዲያ ማን እንደሚጠየቅ እየመዘገበ ደብተር ሞላ። ጎሪላ ቢቆጣ እንዴት እንደሚያጎነብሱ ኳስ ሜዳው ጥግ ሲለማመዱ ያያቸው የሰፈር ሰው፣ ስግደቱ የት ደረሰ እያለ ይሳለቅባቸው ነበር።

ዘንድሮ በሩ ገርበብ አለ። አንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ማኅበር ወደ ጎሪላዎቹ ደን ለሦስት ወር ሥልጠና የሚልካቸውን ወጣቶች ሲመርጥ የሁለቱም ስም ወጣ። የቀረው የጋሽ ይግዛው ፊርማ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በፓርክ ጠባቂነት ፈጅተው፣ ጡረታ ሲወጡ ሞጣ የገቡ ሰው ናቸው። ሁለቱን ገደል አውርደው፣ ከጭላዳ መንጋ ፊት አስቀምጠው ካዩ በኋላ በየወረቀታቸው ላይ ይፈርማሉ። ያልተፈረመለት አይሄድም። ወረቀቶቹ ደግሞ በማግሥቱ ባሕር ዳር መድረስ ነበረባቸው።

ጎሕ ሲቀድ ከሞጣ ሲነሡ ጋሽ ይግዛው ያስጠነቀቋቸው አንድ ነገር ነው። ጎሪላን የሰው ጉንፋን ይገድለዋል፤ ስለዚህ እዚያ አገር መሪው በየጧቱ ጤናህን ይጠይቃል። አሞኛል ያለ ሰው ለዚያ ቀን ይቀራል፣ የደበቀ ግን ሁለተኛ ደኑን አይረግጥም። ይህን ብለው፣ እሳቸው ራሳቸው ለዛሬው መንገድ የንስሐ አባታቸውን አስፈቅደው ቆሎ እየቆረጠሙ፣ በልታችኋል ወይ፣ ውኃስ ጠጥታችኋል ወይ ሲሉ ጠየቁ።

የኔሰው ጠጥቻለሁ አለ። ደምለውም፣ አዎ፣ ጠጥቷል ሲል አጸናለት።

የኔሰው አልጠጣም ነበር። ጾመ ፍልሰታ ከገባ ስምንተኛ ቀኑ ነው፤ እሱ ደግሞ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ፍልሰታን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ውኃ ቀምሶ አያውቅም። እንደ ሽማግሌው ማስፈቀድ ይችል ነበር። ግን ጎሪላ ልይ ብሎ ጾም መስበር አሳፈረው፤ እውነቱን ቢናገር ደግሞ ጋሽ ይግዛው ዛሬ አትወርድም ይላሉ። ስለዚህ ጾሙንም ጉዞውንም አንቆ ያዘ። ደምለው ይህን ሁሉ ያውቃል።

ጅረቱ አጠገብ ሲደርሱ ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። ውኃው ዓይናቸው እያየ ደፈረሰ፣ ጠቆረ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ማጓራት ጀመረ። ጋሽ ይግዛው ይዘው የመጡትን ገመድ ወይራ ግንድ ላይ አስረው በዕድሜያቸው በማይታመን ቅልጥፍና ተሻገሩና ጫፉን ማዶ ጠመጠሙ። የኔሰው መሀል ሲደርስ እግሩ ከዳው። ጎርፉ ወገቡን ጠልፎ ጣለው፣ ፊቱን ደፈቀው፣ አፉን ሞላው። ደምለው ከኋላ ደርሶ አንገትጌውን ጨምድዶ አወጣው። የኔሰው ብቅ እንዳለ አፉ ውስጥ የገባውን ውኃ ቱፍ ብሎ ተፋ።

«ዋጠው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ» አለ ደምለው በጆሮው።

«ገና ስድስት ሰዓት ነው።»

«ትሞትና ታርፈዋለህ።»

ማዶ ሲወጡ ዝናቡ አባራ፤ ጉሙም እንደ መጋረጃ ተከፈተ። እርከኑ ላይ አርባ የሚሆኑ ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። የዝናቡ ውኃ ጠጉራቸው ላይ ያብለጨልጫል። ጋሽ ይግዛው በእጃቸው ምልክት ሰጡና ሦስቱም ዝቅ ብለው ተቀመጡ። አውራው አያቸው። ጋማው እንደ ካባ ትከሻው ላይ የተደፋ፣ ደረቱ ደም የመሰለ ነው። የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን አሳየ፤ ወዲያው ምድሩን እየደበደበ ተወረወረባቸው።

ስምንት ዓመት ኳስ ሜዳ ጥግ የለመዱት ነገር አሁን ያለ ሐሳብ መጣላቸው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ፣ እጃቸውን ሰበሰቡ። አውራው አራት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ትንፋሹ ይሰማል። የኔሰው በዓይኑ ጠርዝ የጥቁር እጁን ጣቶች፣ የጥፍሮቹን ጭቃ አየ። ደስታው ደረቱን ሊሰነጥቀው ደረሰ። በዚያው ቅጽበት ግን ጆሮው ውስጥ አንድ ቀጭን ጩኸት ተነሣ፤ እርከኑም ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረ።

ከላይ የወንጭፍ ድንጋይ ፏጨ። ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ ሰው የሚያህል ቋጥኝ ከገደሉ አፍ ተፈንቅሎ እየነጠረ መጣ። መንጋው እየጮኸ ወደ ገደሉ ተበተነ። ጋሽ ይግዛው ወደ ዓለቱ ተጠጉ አሉ። ደምለው ተጠጋ። የኔሰው ግን ተነሥቶ ሁለት እርምጃ በተቃራኒው ሄደ፤ እግሩ የራሱ አልነበረም፤ ዓይኑ ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚያየው። እርከኑ ጫፍ ላይ ጉልበቱ ታጠፈ።

ደምለው ዘሎ የቦርሳውን ማንገቻ ያዘ። በሆዱ ተዘርግቶ፣ በአንድ እጁ ቁጥቋጦ ጨብጦ ጓደኛውን ሲጎትት ቋጥኙ የተሰነጠቀ ፍንካቹን ቁጥቋጦ የጨበጠው እጁ ላይ ጥሎ አለፈ። አልለቀቀም። ጋሽ ይግዛው ደርሰው ሁለቱንም እስኪስቧቸው አልለቀቀም።

ከላይ አንዲት ሴት ጅራፍ አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ወንጭፍ አንጠልጥላ በጠባቡ መንገድ እየተንደረደረች ወረደች። የገብሱ ባለቤት ፈንታነሽ ናት። ደንግጣለች፣ ድንጋጤዋን ግን በቁጣ ሸፈነችው።

«ሰው መሆናችሁን በምን ልወቅ? ከነሱ ጋር ቁጢጥ ብላችሁ ሣር ስትግጡ ነው ያየሁት።»

ጋሽ ይግዛው ነገሩን አስረዷት። ዝንጀሮ ለማየት ሰው አገር ድረስ እንደሚሄዱ ስትሰማ የደምለውን የደማ እጅ በሻሿ እያሰረች፣ ሦስቱን ወር እኔ እርሻ ላይ ተቀመጡልኝ፣ ምሳችሁን እችላለሁ አለች።  ከዚያ በቅል ውኃ ለየኔሰው ዘረጋችለት። የኔሰው ቅሉን ይዞ ሰማዩን አየ፤ ፀሐይ የለም።

«መቼ ነው ውኃ የጠጣኸው?» አሉ ጋሽ ይግዛው። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ያ ባሰበት።

«ትናንት ማታ።»

 የኔሰው ቅሉን አንሥቶ ጠጣ። ውኃው ሲወርድ እያንዳንዱ ጉንጭ ተሰማው፤ የደምለው ጣቶች ከሻሹ ውስጥ እያበጡ ሲወጡም አየ። ስምንት ዓመት ሙሉ ዓይኑን በዘጋ ቁጥር የሚመጣለት ያ የሚተክዝ እንስሳ ነበር። አሁን ዓይኑን ቢዘጋ የሚያየው ይህን እጅ ብቻ እንደሚሆን ገባው።

ሽቅብ ወጡ። ገብሱ ዳር ወዳለችው የፈንታነሽ ጎጆ ሲገቡ ጋሽ ይግዛው በላስቲክ የተጠቀለሉትን ሁለት ወረቀቶች አውጥተው መደቡ ላይ ዘረጉ። የየኔሰውን አጠፉና ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወደ ደምለው ዞሩ።

«አንተስ? አለመጠጣቱን ታውቅ ነበር?»

ደምለው አፉን ከፈተ። የኔሰው ቀደመው።

«አያውቅም፣ ጋሼ። ከሱም ደብቄ ነው። ጠጣሁ ስለው አመነኝ።»

ሽማግሌው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ።  ከዚያ እስክሪብቷቸውን ሁለት ሦስቴ አራግፈው በደምለው ወረቀት ላይ ፈረሙ፤ እርጥበቱ ቀለሙን እንዳያፈሰው እፍ እፍ ብለውበት ሰጡት።

ደምለው ወረቀቱን በጤነኛ እጁ ተቀበለ። ከመጀመሪያው መስመር እስከ ፊርማው ድረስ ቀስ ብሎ አነበበው። ከዚያ በጓደኛው ውሸት ያገኘውን ወረቀት መልሶ መደቡ ላይ አኖረው፤ ነፋስ እንዳይወስደው የፈንታነሽን ቅል ላዩ ላይ አስቀመጠ። ቦርሳውን በአንድ ትከሻው አነገተ። የኔሰው ስሙን ጠራው። ጋሽ ይግዛው፣ ልጄ፣ እጅህ ሐኪም ይፈልጋል አሉት።

ደምለው ጎንበስ ብሎ በጎጆዋ ደፍ ወጣ፤ በገብሱ ዳር፣ ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ ሄደ። አልዞረም።