ኑግ ውኃ አያቀላም

መጋቢት ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሱሉልታው እህል ነጋዴ ተድላ ከመደቡ ተነሥቶ ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ተደፋ። ያስመለሰው የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ነበር፤ መጨረሻ ላይ ቀይ ደም ተከተለው። ሚስቱ የሺወርቅ ራሱን ጭኗ ላይ እንዳሳረፈችው ገላው ቀዘቀዘባት።

ቀትር ላይ ታናሽ ወንድሙ ዳኜ ከአዲስ አበባ ደረሰ።

«መርዛዋለች!» አለ ለቀስተኛው መሐል። «ባለፈው ሳምንት ‹ስለ አረቄህ ስናገር አትሰማም፤ ድፍት በልልኝ› ስትለው መንደሩ ሰምቷል።»

ብላለች። የሺወርቅ አልካደችም። ነገሩ መርዝ ከተባለ ገመድ እንደሚጠብቃት፣ ሁለቱ ልጆቿም ያለ እናት እንደሚቀሩ ግን ታውቃለች።

የፖሊስ ጣቢያው ሃምሳ አለቃ ገርባ በበቅሎ መጣ። ኮሪያ ዘምቶ ቁስለኛ ሲያስታምም የኖረ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። የሟቹን የዓይን ቆብ ገልጦ አየ፤ ውስጡ ነጭ ወረቀት ይመስላል። ድዱም እንደዚያው። ቀጥሎ ከመስኮቱ ላይ ግማሹ ያለቀ የክኒን ጠርሙስ አነሣ።

«ይህስ?»

«አስፕሪን ነው» አለ ዳኜ። «ለጉልበቱ እኔ ነኝ ያመጣሁለት። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አንዳንድ፣ ከምግብ ጋር።»

«በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾም የለም እንዴ?»

«ወንድሜ? ውኃ እንኳ አይቀምስም!»

«ታዲያ የጠዋቱን መቼ ዋጠው?»

ዳኜ ዓይኑን ከጠርሙሱ ላይ አነሣ።

ገርባ ወደ የሺወርቅ ዞረ። «ትናንት ማታ ተድላ ምን በላ?»

«የኑግ ልጥልጥ፣ ያው ጥቁሩን ኑግ ቆልቼ ወቅጬ። ከእኔም ከልጆቹም ጋር፣ ከአንድ ገበታ።»

ልጆቹ ደጅ ቆመዋል፤ ደኅና ናቸው።

ልብስ አጣቢዋ ተረፈች ጓሮ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ገርባ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«አካም ጅርታ፣ ተረፈች?» ሲል በኦሮምኛ ደኅንነቷን ጠየቃት።

«ምን ፈያ፣ ምን ደኅንነት አለ ብለው ነው፣ ኦቦ ገርባ!»

«የሟቹን ልብስ መቼ አጠብሽ?»

«ዓርብ። ሱሪውን ጥቁር ነገር ነክቶት እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ሽታውማ! ስንት ልጅ ያሳደግኩ ሴት አፍንጫዬን ይዤ ነው ያጠብኩት።»

«ውኃውስ?»

«ቀላ። ሁለቴ ቀየርኩት፣ ሁለቴም ቀላ። ኪንታሮት ነው ብዬ አፈርኩ። ለማን ልናገር?»

ገርባ ሁሉንም አስከሬኑ ካለበት ክፍል ሰበሰበ።

«መርዝ የለም» አለ። «ማክሰኞ ማታ የተሰጠ መርዝ የዓርብ ሱሪ አያጠቁርም። ተድላ ሳምንቱን ሁሉ ሆዱ ውስጥ ሲደማ ነበር። የጨጓራ ደም ወደ ታች ሲወርድ ሬንጅ ይሆናል፤ ቆይቶ በአፍ ሲመለስ አተላ ይመስላል። ድዱ የነጣው ደሙ አልቆ ነው። ያደማው ይህ ክኒን ነው፤ በባዶ ሆድ፣ የጠዋቱና የቀትሩ ተጠራቅሞ ሦስቱ በአንድ ጊዜ፣ መንደሩ በሚያውቀው አረቄው ላይ። በአንድ ጊዜ ዋጣቸው ብሎ የነገረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዳኜ። «ጾሜን አልሽርም ሲለኝ... ‹እንግዲያው ጋሼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ዋጣቸው፤ ከዚያ ትበላለህ› አልኩት።»

«ከዛሬ በፊትስ ሕመም አልታየበትም?» አለ ገርባ።

«ሰኞ ዕለት ሲነሣ ዞረበት» አለች የሺወርቅ። «ላቡ ቀዝቃዛ፣ ልቡ ድው ድው ይላል። ጾሙ ነው አልን።»

«ያን ቀን በጭነት መኪናም ቢሆን እንጦጦን ተሻግሮ ሆስፒታል ቢገባ ደም ይሰጡት ነበር።»

«ይድን ነበር?» አለች የሺወርቅ።

ገርባ ቆቡን በጣቶቹ አዟዟረ። «ምናልባት። ጥቁሩን ነገር ለማንም አልተናገረም?»

መልሱን ከየሺወርቅ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዝም ብትል በዚያው ያበቃ ነበር።

«ለእኔ ነግሮኛል» አለች። «ሐሙስ፣ እያፈረ። ‹ጥቁር ነገር ወጣኝ› አለኝ። እኔ ደግሞ ‹ስትውጠው የከረምከው ኑግ ነዋ!› ብዬ ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ።»

«ኑግ ውኃ አያቀላም» አለ ገርባ። ወዲያው የተናገረው ቆጨውና ወደ ደጅ ወጣ።

ተድላ በማግሥቱ ተቀበረ። የሺወርቅ አልተከሰሰችም። ተድላ ከጫንጮ ያስመጣው ሁለት ጆንያ ኑግ እስከ መስከረም ድረስ ጎተራው ውስጥ ማንም ሳይነካው ቆይቶ ለዘይት ጨማቂ ተሸጠ።