ባለ ወፏ ጃኬት

«እኮ ከየት አመጣሻት?»

አከራይዋ እትዬ ታደለች ጃኬቷን ከማስተዋል እጅ መንጭቀው ወደ ብርሃን አነሷት። አረንጓዴ ናት፤ ደረቷ ላይ ክንፉን የዘረጋ ነጭ ወፍ ተጠልፎባታል። በግቢው ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ሁሉ ከየክፍላቸው ወጥተው ከበዋቸዋል።

«ከሰልባጅ ነው እትዬ። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነጋዴው ጋሽ አስቻለው አዲስ የልብስ ቦንዳ ሲፈታ መርጬ ወሰድኳት» አለች ማስተዋል።

«ውሸቷን ነው!» አለች ከጎን ክፍል ያለችው ውብነሽ። «የሩት ናት። ወንድሟ ከአዲስ አበባ የላከላት። ማስተዋል ገበያ ውስጥ ገመድ ላይ ሰቅላ ስትሸጣት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

ሁሉም ወደ ሩት ዞሩ። ሩት በሩ ላይ ቆማ የቀሚሷን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ከማስተዋል ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ መደብ ላይ እየተኙ፣ ከአንድ ሳህን እየበሉ ዘጠነኛ ክፍልን አጋምሰዋል። ማስተዋል ዓይን ዓይኗን አየቻት። ከሩት አንድ ቃል ብትወጣ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

«የኔዋን... ከጠዋት ጀምሮ አጥቻታለሁ» አለች ሩት፣ መሬት መሬት እያየች።

ማስተዋል ጆሮዋን ማመን አቃታት።

እውነቱ እንዲህ ነው። ሩት የራሷን ጃኬት የገዛችው ከወር በፊት አርብ አርብ ሰልባጅ ከምትሸጠው ከራሷ ከማስተዋል ነው፤ ያውም በጓደኛ ዋጋ፣ ያለ ምንም ትርፍ። ክፍል ውስጥ ግን ሰልባጅ የለበሰ ሰው «ከሞተ ፈረንጅ የተገፈፈ» እየተባለ ይሾፍበታል። የሚያሾፉት ልጆች የለበሱት ራሱ ከአርብ ገበያ የተገዛ ሰልባጅ መሆኑ የማይገርም ከሆነ ምን ይገርማል! ሩት ደግሞ አዲስ አበባ ከሄደ ወዲህ ስልክ እንኳ ያልደወለ ወንድም አላት። ውብነሽ «አሪፍ ናት፣ ከየት ነው?» ብላ ስትጠይቃት፣ «ወንድሜ ላከልኝ» አለች። የዚያን ዕለት ማታ ማስተዋልን ለመነቻት።

«ለማንም እንዳትናገሪብኝ። ማይልኝ።»

«ሩፋኤልን! አልናገርም።»

ይህ ለማስተዋል ተራ መሐላ አልነበረም። አባቷ ቄስ ቢሆነኝ የሚቀድሱት በሩፋኤል ደብር ነው። ልጆቻቸው በየሰበቡ ሲምሉ ከሰሙ ይቆጣሉ፤ ከማሉ በኋላ ቃላቸውን ካጠፉ ደግሞ ቁጣቸው አይጣል ነው።

ዛሬ አርብ ታዲያ ከአዲሱ ቦንዳ የዚያችው ጃኬት መንታ ዱብ አለች። ወፉም ያው፣ ቀለሙም ያው። የሆነ ፋብሪካ ሠራተኞች የደንብ ልብስ መሆን አለበት። ማስተዋል ብቻዋን ሳቀች፤ ማታ ለሩት ነግራት አብረው ሊስቁ ነበር። የሩት ምስጢር እንዳይወጣም ጃኬቷን ከሹራቦቹ ኋላ ሰቀለቻት፤ ቶሎ ለባላገር ሸጣ ልትገላገላት። ውብነሽ ግን ያንን ሁሉ ሹራብ ገልጣ ያየችው እሷኑ ነው።

«መንታ መጥቶ ነው እትዬ» አለች ማስተዋል። «ሌላ እንደሷ ያለ...»

«መንታ?» አሉ እትዬ ታደለች፣ የለበሱትን ሹራብ ደረታቸው ላይ እየጎተቱ። «ይቺን ስትሸጪልኝ ምን ነበር ያልሽኝ? ‹ሰልባጅ መንታ የለውም እትዬ፣ ይህን የለበሰ በአገሩ ብቻውን ነው› አላልሽኝም?»

ብላለች። ለሁሉም ገዢ የምትለው ነው፤ አርብ በመጣ ቁጥር ሃያ ጊዜ ትለዋለች። ልጆቹ ሳቁ።

«ሩት እንዲህ ያለች ጃኬት ከየት አገኘች ታዲያ?» አሉ እትዬ ታደለች።

ማስተዋል «ከእኔ» ልትል አፏን ከፈተች፤ መሐላዋ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው። ጋሽ አስቻለው ምስክር እንዳይሆናት ዕቃውን ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ከተመለሰ ቆይቷል፤ ስልክ እንዳይደወልለት ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል።

«ዝምታሽ ይበቃኛል» አሉ እትዬ ታደለች። «እሁድ ከቅዳሴ መልስ ክፍሌን ለቀሽ እንዳገኝሽ። እኔ ሌባ አላስቀምጥም።»

ጃኬቷን ለሩት ሰጧት። ሩትም ተቀበለቻት። ተቀበለቻት!

ማስተዋል ወደ ክፍላቸው ስትገባ ደሟ ይፈላ ነበር። ከዚህ ቤት መውጣት ማለት ከትምህርት መውጣት ማለት ነው። ቤተሰቦቿ ያሉበት ቀበሌ በእግር አራት ሰዓት ያስኬዳል። ነገ ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ለሌባ ቤት የሚያከራይ አይገኝም። አባቷ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ «ስንቅ አላሳጣሽም፣ ለቤት ኪራይ ግን አቅም የለኝም» ብለዋት ነበር። ኪራዩን የቻለችው ራሷ ናት። የተጨማደደ ልብስ መርጣ፣ በእንዶድ አጥባ፣ የጎደለ ቁልፍ ተክታ፣ አርብ አርብ እየሸጠች።

ሩት ተከትላት ገባችና በሩን ዘጋችው።

«ለምን?» አለች ማስተዋል። «ለምን ዋሸሽ?»

«ምን ልበል ታዲያ? የኔዋ ቤት ናት ብል ሰልባጅ መሆኗ ይታወቅብኛል። ውብነሽን ታውቂያት የለ? ሰኞ ለክፍሉ በሙሉ ታወራዋለች። ሼም ነው!»

«የኔ ሌባ መባልስ?»

«አንቺ... አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ። ትችይዋለሽ። ደግሞ ምለሽልኛል።»

ሰው ሊያጠፋት ሲፈልግ ጠንካራ ይላታል ማለት ነው? ማስተዋል በጥፊ ልትላት እጇን አነሳች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቅዳሜን ሙሉ አልተነጋገሩም። ራቷንም ለብቻዋ በላች።

እሁድ ግቢው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ማስተዋል ዕቃዋን ልታስር ቀረች። ሩት ነጠላዋን አጣፍታ፣ እትዬ ታደለች የሰጧትን ጃኬት ሚስማሩ ላይ ሰቅላ ወጥታለች። ማስተዋል ብርድ ልብሷን አጠፈች፤ ደብተሮቿን አሰረች። የዱቄት መስፈሪያ ጣሳዋን ፈለገች፤ አጣችው። የሩት ዱቄት ከረጢት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። የሩት ቤተሰቦች ከደጋ ናቸውና በግቢው የገብስ ዱቄት የሚመጣላት እሷ ብቻ ናት። ማስተዋል እጇን እስከ ክርኗ ከተተች።

ጣቷ የነካው ጣሳ አልነበረም። ጨርቅ ነው። ጎተተችው። ወፉ ዱቄት ለብሶ ወጣ።

መጀመሪያ የመጣላት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጦ መሄድ ነው። ምእመናኑ ቅዳሴ ጨርሰው ሲወጡ፣ በሩ ላይ ቆማ ጃኬቷን እያወዛወዘች «ይኸውላችሁ! ከእኔ የገዛቻት ሰልባጅ ይኸውላችሁ!» ማለት። ደስ አላት፤ እውነት ለመናገር በጣም ደስ አላት። ግን ያ የአባቷ የሩፋኤል ደብር ባይሆንም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሷም «ሩፋኤልን» ብላ ምላለች። ሩት ዋሽታለች ተብሎ እሷ ቃሏን ልትበላ ነው? ለማንም አትናገርም። አንዲት ቃል።

ዓይኗ በክፍቱ በር ወደ ግቢው ሄደ። ከጓዳው እስከ ዋርካው የተዘረጋ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ።

ሰንበት ነውና አላጠበቻቸውም። የሩትን ጃኬት አንድ ጊዜ ብቻ አራገፈቻት፤ የቀረው ዱቄት ስፌቱ ውስጥ ይቅር ብላ ተወችው። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ወፎቹን ወደ ግቢው በር አዙራ ሰቀለቻቸው። የታሰረ ዕቃዋን ደጅ አውጥታ ላዩ ላይ ተቀመጠች።

ቀድመው የገቡት እትዬ ታደለች ናቸው። ውብነሽና ሌሎቹ ተከትለዋቸዋል፤ ሩት ከሁሉም ኋላ ናት። እትዬ ታደለች ገመዱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ማስተዋል ተነስታ ቆመች እንጂ አልመለሰችም።

እትዬ ታደለች የአንዷን እጅጌ ያዙ፤ ቀጥሎ የሌላይቱን። ጣታቸውን አዩት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። «ገብስ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ኋላቸው ዞሩ። «ሩት!»

ውብነሽ አንዴ ወፎቹን፣ አንዴ ሩትን እያየች «እንዴ፣ ሁለት ናቸው!» አለች፤ ከዚያ በላይ አልደፈረችም።

«ዕቃሽን መልሺ» አሉ እትዬ ታደለች ማስተዋልን ሳያዩ። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣቸውም። አርብ ዕለት ሌባ ሲሏት ድምፃቸው እስከ ጎረቤት ይሰማ ነበር።

ማስተዋል ዱቄት ያልነካትን ጃኬት ከገመዱ አወረደች። በሩት አጠገብ ስታልፍ ሩት አንሾካሾከች።

«ምለሽልኝ ነበር እኮ።»

«አንድ ቃል ተናግሬያለሁ?» አለች ማስተዋል።

ሩት ዱቄት የለበሰችውን ጃኬት ከገመዱ አወረደች።

ማስተዋል ዕቃዋን ፈታች። ጣሳዋን ከሩት ከረጢት አውጥታ ጠረገችው፤ የራሷን ዱቄት ከሩት ዱቄት አጠገብ አንስታ ወደ ሌላው ጥግ ወሰደችው። ከዚያ ጃኬቷን በጥንቃቄ አጥፋ ከሚሸጡት ልብሶች ሁሉ ላይ አስቀመጠቻት። የፊታችን አርብ ከሹራቦቹ ኋላ አትሰቅላትም። ከፊት ነው የምትሰቅላት።