በጉድጓዱ አፍ ላይ የቀረው ዱላዬ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ፊቴን ሳላጣምም አዳምጬ አላውቅም፣ እናቴ እንኳ «አንቺ ልጅ፣ ድንጋይ ስታዪ ልብሽም ድንጋይ ሆነ» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው፣ የጂኦሎጂ ባለሙያ ነኝ፣ ከደብረ ታቦር እየተነሣሁ ተራራ ለተራራ ስዞር የኖርኩ፣ ዋሻ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ምሳዬን የበላሁ ሰው ነኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፣ እነሆ የኔው ጉድ፣ እመኑኝ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ከገሳይ ከተማ በላይ፣ ጉና ተራራ ግርጌ እንደ ዋሻ ወደ ውስጥ የሚገባ አሮጌ የመዳብ ጉድጓድ አለ። የጥንት ሰዎች በእጃቸው የቆፈሩት ነው፣ ድንጋዩን በእሳት ያግሉና ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፉበት ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በዶማ ይፈለቅቁታል፣ ከመዳቡም መስቀልና የበቅሎ ጌጥ ይሠራ ነበር ይላሉ። ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ በስንጥቁ ነጭ ማዕድን ሞልቶበታል፣ በነጩ መሐል መዳቡ እንደ ዛፍ ሥር ይሄዳል። አንድ ነገር ያዙልኝ፦ መዳብ ገና ሲቆረጥ ቀይ ነው፣ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ እርጥበት ውስጥ ሲቆይ አረንጓዴ ይሆናል፣ በዚህ ላይ ማንም አይከራከረኝም።

የገበሬ በሬ እየገባበት ስላስቸገረ ቀበሌው ይደፈን ብሎ ወሰነ፣ ለመንገድ ሥራ ገሳይ የቆመው ማሽን በማግስቱ ሊመጣ ሆነ፣ እኔም ቀድሜ ገብቼ ናሙና እንድወስድና ውስጡ ባዶ መሆኑን እንዳረጋግጥ ተላክሁ። መንገድ የመሩኝ አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ የገብስ ገበሬ ናቸው። ከጓሯቸው እርጥብ ዱላ ቆርጠው ልጡን እንኳ ሳይልጡ ሰጡኝ። «ምን ላደርገው ነው?» አልኳቸው እየሳቅሁ።

«ጉድጓድ የሚገባ ዱላውን አፉ ላይ አቁሞ ነው የሚገባ፣ ሲወጣ ያነሣዋል። ዱላ ቆሞ ሳለ ጉድጓድ አይደፈንም፣ ሰው አለበታ!»

ዳገቱን እየወጣን ስለ ታላቅ ወንድማቸው አጫወቱኝ። ገና በጎረምሳነቱ መዳብ ፍለጋ እዚያው ጉድጓድ ገብቶ ተናደበት፣ ሳይወጣ ቀረ፣ ዱላው አፉ ላይ ብዙ ዘመን ቆመ፣ በመጨረሻ ሬሳው ስላልተገኘ ዱላውን በነጠላ ጠቅልለው በሱ ፈንታ ቀበሩት። «ሳይወጣ ዱላውን አነሣንበት» አሉኝ። «ነገ ደግሞ ድንጋይ ሊጭኑበት ነው፣ እኔ እንዴት ብዬ ልተኛ?» አንጀቴን በሉት። «አያ ታከለ፣ እኔ ራሴ አይቼ ማንም እንደሌለ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው በሙሉ ልብ።

ዱላዎቻችንን አቁመን ገባን። ግድግዳውን በመዶሻዬ ኳ፣ ኳ አድርጌ የመዳብ ናሙናዬን ፈለቀቅሁ፣ እጄን ከመለስኩ በኋላ ከውስጥ አንድ ኳ መጣ፣ የገደል ማሚቶ ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ እኔ ምንም ሳልነካ እንደገና ኳ አለ፣ ጠብታ ነው አልኩ፣ ለሁሉም መልስ አላጣሁም። ከዚያ ባትሪዬን ወደ ጥጉ አበራሁ። ግድግዳው ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ መሐሉ ላይ ግን አንድ የዶማ ጫፍ የፈለቀቀው መዳብ ቀይ ሆኖ ያበራል፣ ከሥሩ ነጭ ብናኝ ፈሷል። የዚያን ዕለት የተመታ ነው፣ እኔ ደግሞ እዚያ አልደረስኩም። አያ ታከለ ክንዴን ያዙኝና «እንውጣ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ።

ውጭ የጉና ጉም ሁሉን ሸፍኖታል፣ በረዶ ይወርዳል፣ እጃችን ያገኘውን ዱላ አንሥተን እየሮጥን መኪናው ጋ ደረስን። በሩን ስከፍት አያ ታከለ እጄን አይተው ደርቀው ቀሩ።

«ይኸን ከየት አመጣሽው?»

እጅ ያለሰለሰው የወይራ ዱላ ነበር፣ አናቱ ላይ የመዳብ ቀለበት አለው። «ቀለበቱን ከዚሁ ጉድጓድ መዳብ አሠርቶ ያስገባው ወንድሜ ነው። በእጄ አፈር መልሸበታለሁ!» አሉ። እኔ ዓይኔ ቀለበቱ ላይ ቀረ፣ ያን ያህል ዘመን አፈር ውስጥ የኖረ መዳብ አረንጓዴ መሆን ነበረበት፣ እሱ ግን ቀይ ነው፣ ፈራሁ፣ አልዋሻችሁም።

«ያንችስ ዱላ?»

«እዚያው ቀረ መሰለኝ።»

«እንግዲያ አንች አልወጣሽም» አሉኝ፣ የቀልድ ፊት አልነበራቸውም።

በማግስቱ ከማሽኑ ቀድመን ወደ ጉድጓዱ ወጣን፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ግን ዱላ የሚባል የለም። «እረኛ ወስዶት ነው» አልኩ። አያ ታከለ ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል፣ ደስታ ነበር። «ወንድሜ ወጥቷል» አሉ። «በይ ድፈኑት በያቸው።» ማሽኑ መጥቶ ደፈነው። የወንድማቸውን ዱላ ስሰጣቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። «አይ ልጄ፣ የሱን አንች ይዘሻል፣ ያንችን እሱ ይዟል፣ ተለዋውጣችኋል።» መቃብሩን ከፍተን እንይ አላልኳቸውም፣ እንዴት ብዬ።

ዱላው አሁን ደብረ ታቦር ቤቴ፣ ከበሩ ኋላ ቆሟል። የኔን እረኛ ነው የወሰደው፣ ዛሬም እላለሁ። ግን ቀለበቱን አንድም ቀን ወልውዬው አላውቅም፣ ክረምቱ አልፎ በጋ ገባ፣ ያን ዕለት ያመጣሁት የመዳብ ናሙና ሁሉ ጠቁሯል፣ እሱ ዛሬ ጠዋትም ቀይ ነው። ገሳይ ስሄድ ደግሞ፣ ልጡ ያልተላጠ ዱላ የያዘ ጎረምሳ ከሩቅ ካየሁ፣ ፊቱን ሳላይ መንገዱን እሻገራለሁ።