በቀትር የለካሁት ውሃ

የማያምን አይመን... እኔ ግን ማተቤን ይዤ ነው የምናገረው። የሆነው ባለፈው ሚያዝያ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ደብረ ታቦር፣ ወደ እብናት መውጫ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ።

ማታ አይደለም። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።

ማስተዋል እባላለሁ። ኩዌት አምስት ዓመት የሰው ቤት ሠርቼ የተረፈኝ ሙያ የመዋኛ ገንዳ መጠበቅ ነው። «እዚህ አገር ምን ይሠራልሻል?» እያሉ ሲስቁብኝ፣ አቶ በላይነህ ለእናታቸው ገንዳ ያለው ቤት ሠሩና ቀጠሩኝ። የሚዋኝበት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጃቸው ትዝታ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሕር ዳር ይዘዋት ይመጣሉ።

«ልጄን አደራ» ብለውኛል። «ውሃው ደህና ነው ሳትይ አትገባም።»

የገንዳ ውሃ ሁለት ነገር ይፈልጋል። ክሎሪን ቆሻሻውን ይገድላል። ስታቢላይዘር የሚባለው ዱቄት ደግሞ ክሎሪኑን ፀሐይ እንዳትበላው ይጠብቀዋል። ክሎሪን ያልቃል። ስታቢላይዘር ግን... ውሃው ራሱ ካልወጣ አይወጣም። ይቺን ያዙልኝ።

ሰኞ ለካሁ። ፀሐይ ስትበረታ መለካት ደንቤ ነው። ክሎሪን ሦስት፣ ስታቢላይዘር አርባ። ቆንጆ።

ረቡዕ ስታቢላይዘሩ ሃያ ሆነ።

ግማሹ ውሃ ወጥቷል ማለት ነው። ገንዳው ግን አፉ ድረስ ሙሉ ነው... ቧንቧውም ከተዘጋ ሳምንቱ። ዝናብ ጠብ አላለም።

የአቶ በላይነህ እናት፣ እማሆይ ማሬ፣ ጥላ ሥር ዳዊት ይደግማሉ። ጠጋ አልኳቸው።

«እማሆይ፣ ከገንዳው የሚቀዱት አንቱ ነዎት እንዴ?»

ዳዊታቸውን ዘጉ።

«በስንት ሰዓት ነው ውሃውን የነካሽው?»

«አሁን... ስድስት ሰዓት።»

«በቀትር?» ድምፃቸው ወረደ። «ከገንዳው ሲሚንቶ ሥር እኮ ምንጭ አለ። ልጄን ‹አትድፈነው› ብዬ ለምኜው ነበር። ያ ምንጭ በቀትር አይቀዳም፤ አገር ያውቀዋል። በልጅነታችን ታናሽ እህቴ አዲስዓለም ናት ያልሰማችው። ቅል ይዛ ወረደች... እሷም ቅሏም ቀሩ።»

«ኧረ እማሆይ! ይሄ የኬሚካል ነገር ነው» ብዬ ሳቅሁ። አይ ድፍረት!

ዓርብ ስታቢላይዘሩ አስር ሆነ። አሁን ሳቁ ቀረ።

ቅዳሜ ትዝታ የዋና ልብሷን ለብሳ እየሮጠች መጣች። አባቷ መኪናቸውን ሊያስገቡ በር ላይ ቀሩ።

«እትዬ፣ ልግባ?»

«ቆይ የኔ እናት፣ ልለካ።»

የመለኪያ ወረቀቱን ነከርኩ። ክሎሪን ዜሮ። ስታቢላይዘር...

ዜሮ።

ከሰኞው ውሃ አንዲት ጠብታ አልቀረም ማለት ነው። ገንዳውን የሞላው ሌላ ውሃ ነው።

«ትዝታዬ፣ እንዳትገቢ!» ብዬ ዞርኩ።

ነጠላ ጫማዋ ብቻ ነበር።

ውሃው አልተንቦጫረቀም። እንኳን ሰው፣ ጠጠር የገባበት አይመስልም። ታች ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል... ልጅቷ የለችም።

«ኡኡ! የሰው ያለህ!»

በአደራ የተሰጠችኝን ልጅ በላኋት አልኩ። እማሆይ በምርኩዛቸው እየተንገዳገዱ መጡ፤ ገንዳው አፍ ላይ ተንበርክከው በሹክሹክታ ተጣሩ።

«አዲስዬ... ይቺ የኔ ናት። መልሽልኝ።»

ከወዲያ ማዶ ሳል ሰማን።

ትዝታ የገንዳው ደረጃ ላይ ቆማለች። ውሃ ከፀጉሯ ይንጠባጠባል። በሁለት እጇ አሮጌ ቅል አቅፋለች፤ አንገቱ በጠፍር የታሰረ፣ አፉ ድረስ ሙሉ።

ሮጬ አቀፍኳት። «ማን ሰጠሽ?»

«ልጅቷ» አለች። «‹ይመርራል፣ ውሰዱልን› አለችኝ።»

እማሆይ ቅሉን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ... እያለቀስኩ አንድ ወረቀት አወጣሁና ቅሉ ውስጥ ነከርኩ።

ክሎሪን ሦስት።

ስታቢላይዘር አርባ።